የጤፍ ድሪቶ

በየዓመቱ በኅዳር ጽዮን ዝክር ላይ፣ ጠላው ከተቀዳ በኋላ፣ የደብራችን አለቃ ተነሥተው ያንኑ ንግግር ይናገራሉ። «እናቶቻችን እነ ፈንታነሽ» ይላሉ፣ «በዚያ በክፉው ዘመን ድሪቶ እየደረቱ፣ አንዷ ለአንዷ እያስተማረች፣ አንዷ አንዷን አይዞሽ እያለች ይህን መንደር ከረኀብ አሻገሩ። እንግዳ ተቀበሉ። እጇ የጎደለባትን መጻተኛ እስክትሞት ጦሩ።» ሰዉ እንባውን ይጠርጋል። እኔ ጥርሴን አፋጫለሁ።

አምና ግን አልቻልኩም። ከሴቶቹ መካከል ተነሥቼ፣ «እጇ እንዴት ጎደለ?» ብዬ ጠየቅኩ።

አለቃው ፈገግ አሉ። «እማሆይ፣ ዛሬ እኮ የደስታ ቀን ነው።»

«እኔም በደስታ ነው የምጠይቅዎት።»

«የዘመኑ ክፋት ነዋ!»

ዘመን! ዘመን ካራ ስሎ ሲመጣ ያየ ሰው አለ? ያችን ሴት እጇን ያሳጣት ዘመን አይደለም። ስሟን በአደባባይ የጠራሁት እኔ ነኝ። ያኔ ሰባት ዓመት አልሞላኝም። እንድጠራው ያዘጋጁኝ ደግሞ በየዓመቱ የሚለቀስላቸው እናቶቻችን ናቸው።

ዳዊት ደግሜያለሁ። ከወንዶቹ ጀርባ ቆሜ ቅኔ ሰምቻለሁ። ቀለም በጥብጬ መጻፍም አውቃለሁ። በዝክር ላይ የማይነገረውን እዚህ እጽፈዋለሁ። እነዚያን ሴቶች በዕድሜያቸው አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር፤ እናቴንም ጭምር። አልልም። ቅር የሚለው ማንበቡን ይተው።

መንደራችን ከጋፋት ቁልቁል ናት። የንጉሡ ሠራዊት ደብረ ታቦር ሰፍሮ ነበር፤ ጋፋት ላይ ብረት የሚቀልጥበት ጭስ ቀኑን ሙሉ ወደ ሰማይ ይወጣል። እኔ ደመና የሚሠራው እዚያ ይመስለኝ ነበር። ዝናብ ሲዘገይ «ጋፋቶች ሰንፈው ነው» እል ነበር፤ ትልልቆቹም ይስቁልኝ ነበር። ኋላ ላይ የሚስቅ ሰው ጠፋ። አባቴ ከሁለት በሬዎቹ ጋር ለጭነት ተወስዶ ሳይመለስ ቀረ፤ በሬዎቹም አልተመለሱም። እናቴ ዘነበችና እኔ ብቻችንን ቀረን።

ሴቶቹ የሚሰበሰቡት ፈንታነሽ ቤት ነው። ፈንታነሽ ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም ባልቴት ነበረች፤ ስትስቅ የአንገቷ መስቀል ደረቷ ላይ ይዘላል። ስምንት ዘጠኝ ሴቶች መደቡ ላይ ተደርድረው፣ ያለቀ ጋቢ፣ የተቀደደ ነጠላ፣ የሞተ ሰው ኩታ ይበልታሉ፤ ቁራሹን በቁራሹ ላይ ደርበው ይሰፋሉ። ድሪቶ የድሃ ልብስ ነው፤ ሰው አፍሮ ነው የሚለብሰው። በዚያ ቤት ግን እንደ ካባ ይጠበቡበት ነበር።

እንዲያ ያደረገችው አመተማርያም ናት። መንደሯ ተዘርፎ፣ ባሏ ተገድሎ፣ ከደንቢያ በእግሯ የመጣች ሴት ናት። ይዛ የመጣችው ነገር ቢኖር በአንገቷ ያንጠለጠለችው ትንሽ ቀንድ ነበር፤ ቀንዱ ውስጥ አራት መርፌ አለ። በመንደራችን በሙሉ የነበረው መርፌ ሁለት ነው። ፈንታነሽ ቀንዱን ከፍታ ባየች ጊዜ፣ «ከነመርፌሽ ግቢ እንጂ!» አለች፤ ቤቱም ሳቀ። እንግዳ ተቀበሉ የሚባለው ይህ ነው።

ልጅ ሆኜ ከዚያ ቤት የሚበልጥ ቦታ አላውቅም ነበር። ከመደቡ ሥር ተቀምጬ ብጥስጣሽ ክር እለቅማለሁ፤ ከላዬ ምክሩና ቀልዱ ይዘንባል።

«ክሩን መጀመሪያ በሰም ሳቡት» ትላለች አመተማርያም። «የጧፍ ጠብታ ካላችሁ ይበቃል። ሁለት ጊዜ ከሳባችሁት አይቋጠርም፣ አይበጠስም።»

«ከቤተ ክርስቲያን ጧፍ ስረቁ ማለትሽ ነው?» ትላለች አበበች፤ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ምላሷ አያርፍም።

«ጠብታውን ነው ያልኩት። ጠብታ ማርያም አትቆጥርም።»

«የኔን ኃጢአት ብቻ ነው የምትቆጥረው በይኛ!»

መርፌውን ወደ ፊት ብቻ መንዳት ትተው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መልሰው፣ በፊተኛው ቀዳዳ አስገብተው ከፊት እንዲያወጡት ያስተማረቻቸው እሷ ናት። እንዲያ ሲሰፋ በጥልፉ መካከል ክፍተት አይኖርም። የእናቴ አውራ ጣት ከልጅነቷ ጀምሮ የተሰበረ፣ የተጣመመ ነው፤ መርፌ አይዝላትም ነበር። አንድ ቀን ሥራውን ወርውራ አለቀሰች። አመተማርያም ከጎኗ ሄዳ ተቀመጠች፤ አውራ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ አሰረችና መርፌውን በመሐል ጣትና በቀለበት ጣት መካከል አስያዘቻት።

«አይዞሽ ዘነበች። የትናንቱን አይተሽዋል? ከዚህ የባሰ ነበር።»

«አይዞሽ!» አሉ ሁሉም። «በርቺ! እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ!»

እናቴ ስትስቅ ያየሁት አባቴ ከሄደ ወዲህ ያን ቀን ብቻ ነው።

አንድ ድሪቶ ሲያልቅ ሥርዓት ነበራቸው። ፈንታነሽ ድሪቶውን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ትይዝና የሰፉትን በየተራ እያየች፣ «ማን አስተማረሽ?» ትላለች። የተጠየቀችው የአስተማሪዋን ስም ጮክ ብላ ትጠራለች። እልልታው ይቀልጣል፤ ስሟ የተጠራውም የጠላውን የመጀመሪያ ዋንጫ ታነሣለች። የአመተማርያም ስም ሲጠራ ሁልጊዜ አንገቷን ትደፋለች፤ «ተዉ እንጂ» እያለች ራሷን ትነቀንቃለች። እኔም ልጠየቅ፣ እኔም ስሟን ልጥራ ብዬ ስንት ቀን ለመንኩ። ሰፍቶ ያላወቀ አይጠየቅም፤ ልጅም አይጠየቅም አሉኝ።

ጥር ላይ፣ ጤፍ ከተወቃ በኋላ፣ ድሪቶዎቹ መክበድ ጀመሩ። ሴቶቹ ሁለቱን ጨርቅ ደርበው በመዳፍ ልክ፣ በመዳፍ ልክ ይከፋፍሉታል፤ እያንዳንዷን ክፍል «ጓዳ» ይሏታል። በጓዳዋ አንድ እፍኝ ጤፍ ይጨምሩና ዙሪያውን ወደ ኋላ በሚመለሰው ስፌት ይዘጉታል።

«እማዬ፣ ድሪቶው ለምን ጤፍ ይሰጠዋል?»

«ይርበዋላ!»

«ድሪቶ ይርበዋል?»

«የማይርበው የለም። ለሰው ከተናገርሽ ግን ይታመማል።»

አመንኩ። ስተኛ የኛን ድሪቶ ሆዱን አሸዋለሁ፤ ጠግቦ እንደሆነ።

የሠራዊቱን ቀለብ የሚሰበስበው አዛዥ የዘር እህል ሳይቀር ተሰፍሮ እንዲገባለት አውጆ እንደነበር ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ጎተራ ይፈተሻል፣ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ጣራ ይገለበጣል፤ የደበቀ እጁ ይቆረጣል። ድሪቶ ግን ማን ይነካል? በቅማል የተወረረ የድሃ መኝታ ነው። የጤፍ ዘር ደግሞ ለአንድ ማሳ ጥቂት ይበቃዋል። ገብስ ቢሆን ኖሮ አይሆንም ነበር። መላውን ያመጣችው አመተማርያም ናት፤ ደንቢያ ላይ በጎተራዋ የሆነውን አይታለች።

አንድ ሕግ አወጣች። እያንዳንዷ ጓዳ ስታልቅ ከሥር ሰፌድ ይያዝላታል፤ ከላይ በመዳፍ ሦስት ጊዜ ትመታለች። አንዲት ፍሬ ሰፌዱ ላይ ከወደቀች ስፌቱ ይፈታል፤ ምሕረት የለም። ፈንታነሽንም አስፈትታታለች። የእናቴንም ሦስት ጊዜ አስፈትታለች፤ እናቴ ክሩን እየነቀለች እርግማን ስታወርድባት ሴቶቹ በሳቅ ይንከባለሉ ነበር።

በዚያው ሰሞን መምሬ ወልደሚካኤል፣ የነፍስ አባታቸው፣ መስቀል ይዘው መጡ። ሴቶቹ ተራ በተራ እየሰገዱ መስቀሉን ሳሙ። «ማናችሁም የማናችሁንም ስም ለጠያቂ ብትሰጡ» አሉ መምሬ፣ «በሥጋችሁ በነፍሳችሁ የተገዘታችሁ ሁኑ።» «አሜን» አሉ። እኔም ተጋፍቼ አንገቴን አቀረብኩ። መምሬ በሁለት ጣት ግንባሬን ገፉኝ። «አንቺ ሕፃን ነሽ፤ ግዝት አይያዝሽም። ሂጂ ውጪ ተጫወቺ።» ከደጅ ቆሜ አለቀስኩ። ጨዋታው ሁሉ እኔን የሚያስቀር መሰለኝ።

አመተማርያም ወጣችና አየችኝ። እጄን ይዛ መልሳ አስገባችኝ። ለፈንታነሽ ከሚሰፋው ድሪቶ ጥግ ላይ አንዲት ጓዳ ሰጠችኝ። «ይህቺ ያንቺ ናት» አለችኝ።

ሁለት ቀን ሰፋኋት። መርፌው ጣቴን ወጋኝ፣ ክሩ ተቋጠረብኝ፣ ላቤ ጨርቁን አቆሸሸው። ጨረስኩ። አመተማርያም ሰፌዱን ያዘች፤ ሌሎቹ በየሥራቸው ነበሩ። ጓዳዬን በመዳፏ አንዴ መታቻት። ሁለተኛ መታቻት። በሦስተኛው አንዲት ፍሬ ጤፍ ሰፌዱ ላይ ጠብ አለች።

አመተማርያም አየችኝ። ጣቷን በምራቋ አረጠበችና ፍሬዋን አነሣቻት፤ ምላሷ ላይ አድርጋ ዋጠቻት። ጠቀሰችኝ።

«አልወደቀም» አለች።

ይኸው ነው። በዚያ ቤት ለእኔ ከተደረገልኝ ቸርነት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነበር። ተመልሼ ባገኛት በጥፊ ባጠናገርኳት እላለሁ። ደግነት ነው ብላ ነው፤ የልጅ ልብ አይሰበር ብላ ነው! የእናቴን ሦስቴ ያስፈታች ሴት፣ የባልቴቷን ያስፈታች ሴት፣ የእኔን ዋጠችው።

ግንቦት ሲገባ ፈንታነሽ ቤት ተሰሪ ተመደበባት። ተሰሪ ማለት በባላገር ቤት አድሮ የባላገሩን እህል የሚበላ ወታደር ነው። ደሳለኝ ይባላል፤ ወጣት፣ ቀልደኛ፣ ሁልጊዜ የራበው። መኝታ አምጪ አለ። አጎዛው ቀድሞ ተወስዶ ነበር፤ የቀረው ድሪቶ ብቻ ነው። የእኔ ጓዳ ያለችበትን ዘርግቶ ተኛበት።

«እማማ» ይላታል ጠዋት ጠዋት፣ «ድሪቶዎ ከብዷል። ኃጢአቴ ነው መሰል ወደ ምድር የሚጎትተኝ።»

«ቅማሉ ነው ልጄ» ትላለች ፈንታነሽ። «እኛን ለምዶናል፤ እንግዳ ሲያገኝ ይበዛል።»

ሴቶቹ ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ወታደሩ በእኔ ጓዳ ላይ መተኛቱ ትልቅ ክብር መስሎኝ ነበር፤ ልቤ ሞልቶ ልነግረው ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ እናቴ ቆንጥጣኛለች።

አንድ ጠዋት ፈንታነሽ ቤት እሳት ልጫር ሄድኩ። ደሳለኝ ገና እንደተጋደመ ነው። ሁለት ዶሮዎች ከጎኑ ቆመው ቱክ ቱክ ይለቅማሉ። አንደኛዋ ከድሪቶው ጥግ፣ ከእኔ ጓዳ ሥር አልነሣም አለች። እሱ በክርኑ ተደግፎ ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ጣቱን አርጥቦ ከመሬት አንዲት ፍሬ አነሣ፤ ምላሱ ላይ አደረጋት። ቀና ሲል እኔን አየኝ።

እኔ ጠቀስኩት። እሱም የእኛን ጨዋታ ያወቀ መስሎኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እናቴ የነገረችኝ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ልትሞት ሰሞን ነው። ደሳለኝ ለአዛዡ ተናግሮ ተመለሰ። ግን የፈንታነሽን እንጀራ በልቷልና እንዲህ አላት፦ «እማማ፣ አዛዡ የሚያውቀው አንድ ድሪቶ ነው። ሐሙስ ይመጣል። መላውን ያስተማረችውን አንዲት ሴት ካገኘ በእሷ ይበቃዋል። ስም ካላገኘ ግን በየቤቱ ያለውን ድሪቶ ሁሉ ያስቀድዳል፤ ቅጣቱም ለሁላችሁ ነው።»

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ተሰበሰቡ። አመተማርያም አልነበረችም፤ መርፌ ታመጣለች ብለው ይፋግ ገበያ ልከዋታል። እኔ ከመደቡ ሥር ክር እለቅም ነበር። ያን ቀን ማንም አልሰፋም።

«የሁላችንም ዘር ነው» አለች አንዷ። «ከሄደ ክረምቱን ምን እንዘራለን? ልጆቻችን ምን ሊበሉ?»

«ዘመድ እንኳ የላትም» አለች ሌላዋ።

እኔ ከሥር ሆኜ፣ ለአመተማርያም አዘኑላት አልኩ።

«እኔ ተገዝቻለሁ» አለች አበበች፤ ቀልዷ ጠፍቷል። «በሆዴ ልጅ አለ። በግዝት ላይ አልወልድም። እኔ አፌን አልከፍትም።»

«ማን ክፈቺ አለሽ?» አለች ፈንታነሽ። «ማንም ግዝት አያፈርስም።»

የፈንታነሽ እግር ከመደቡ ወረደ፤ ጎንበስ ብላ ከሥር አየችኝ።

«ዓለሚቱ ተገዝታለች?»

እናቴ አውራ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለች። «መምሬ አባረሯት» አለች በመጨረሻ።

«አልቅሼ ነበር እኮ!» አልኩ እኔ፣ ከሥር እየወጣሁ።

አንድ ሁለቱ ሳቁ፤ እንዴት ያለ ሳቅ እንደነበር ዛሬ ድረስ ጆሮዬ ላይ አለ። ፈንታነሽ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችኝ። «አንቺ ጓዳ ሰፍተሽ የለ?»

«ሰፍቻለሁ።»

«እንግዲያ ከዛሬ ጀምሮ ትጠየቂያለሽ። ማን አስተማረሽ?»

ከጉልበቷ ላይ ዘልዬ ቆምኩ። «አመተማርያም!»

«አይሰማም።»

«አመተማርያም!»

«ጎበዝ። ሐሙስ ትልቅ ሰው መጥቶ ይጠይቃል። ሴቶቹ ዝም ሲሉ እንዲህ አድርገሽ ትጠሪያለሽ። እስከዚያ ለራሷ ለአመተማርያም እንዳትነግሪያት፤ ድንገት ይሁንላት።»

ረቡዕ እናቴ ገላዬን አጠበችኝ፤ ፀጉሬን ፈትታ እንደ አዲስ ሠራችኝ። ሹሩባውን ስታጠብቀው አመመኝ፤ «አይዞሽ» አለችኝ። እንባዋ ማጅራቴ ላይ ሲንጠባጠብ በደስታ ነው አልኩ። ሴቶቹ ግዝቱን አላፈረሱም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ነፍሳቸውን እስከ መቃብር ንጹሕ አድርገው ጠበቁ። ግዝት ያልያዘው አፍ ፈልገው፣ ከመደባቸው ሥር አገኙ።

ሐሙስ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሾላ ሥር ተሰበሰብን። አዛዡ አጭር፣ ወፍራም፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ነበር፤ ሲናገር አፍንጫውን በኩታው ይጠርጋል። ሴቶቹ ተደርድረው ቆመዋል። አመተማርያም ከይፋግ ማታውን ገብታ ነበር፤ ከእናቴ ጎን ቆማ ቀንዷን በእጇ ይዛለች። ፊቷ አልተረበሸም። ለምን ይረበሽ? ሁሉም ተገዝተዋል።

አዛዡ የፈንታነሽን ድሪቶ ከደሳለኝ ተቀብሎ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘው። ልክ እንደ ሥርዓታችን። ከጥጉ ጤፍ እንደ አሸዋ እየፈሰሰ ነበር።

«ይህን ማን አስተማራችሁ?» አለ።

ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። ልክ እንደተባለው ዝም አሉ። አመተማርያምን ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷም አየችኝ። አፌ ሲከፈት ያየች ይመስለኛል። ራሷን ነቀነቀች፤ በቀስታ፣ ሁለት ጊዜ። እንደ ሁልጊዜው አፍራ መሰለኝ።

«አመተማርያም!» ብዬ ጮኽኩ። «አመተማርያም ናት! ለሁሉም ያስተማረች እሷ ናት፤ ከሁሉም ትበልጣለች!»

ከዚያም፣ ሥርዓቱ እንደዚያ ስለሆነ፣ እልል አልኩ። ብቻዬን። የሚቀበለኝ ጠፋ። እናቴ አፌን በመዳፏ ያዘችኝ፤ የተጣመመው አውራ ጣቷ ጉንጬ ውስጥ ገባ።

«ልጅ አይዋሽም» አለ አዛዡ፤ አፍንጫውን ጠረገ።

ሁለት ወታደሮች ክንዷን ያዙ። ወደ ሴቶቹ አልጮኸችም። የተናገረችው አንድ ነገር ነው፦ «ዓለሚቱን ወደ ቤት አስገቧት፤ እንዳታይ።» እኔ ተቀየምኩ። የመጀመሪያውን ዋንጫ ስታነሣ እንዳላይ የፈለገች መሰለኝ። ስሟን ጠርቼላት!

እናቴ፣ «ጋፋት ለንጉሡ ድንኳን ልትሰፋ ሄዳለች» አለችኝ። ለመንደሩ ልጆች ሁሉ አወራሁ፤ «በእኔ ምክንያት ነው የተሾመችው» አልኩ። ጭሱን እያየሁ፣ ያችኛዋ ደመና ከአመተማርያም ድንኳን በላይ ናት እል ነበር። እውነቱ ግን ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሠፈሩ አደባባይ ላይ፣ ነጋሪት እየተመታ፣ ቀኝ እጇን ከአንጓው ቆርጠው ደሙ እንዲቆም ክንዷን የፈላ ቅቤ ውስጥ ነከሩት። ዘጠኝ ቀን እኔ ስኩራራ እሷ ትኩሳት ላይ ነበረች።

አዛዡ ቃሉን ጠበቀ፤ ሌላ ድሪቶ አልቀደደም። ሐምሌ ላይ ሴቶቹ ጓዳዎቹን ፈትተው ዘሩት። ጤፉ ያማረ ነበር። እኔም በልቼዋለሁ። የመርፌውን ቀንድ ፈንታነሽ በአንገቷ አንጠለጠለችው፤ «ለእሷማ ከእንግዲህ ምን ይሠራላታል» አለች፣ በሐዘን። አመተማርያምን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጎጆ ቀልሰው አስቀመጧት፤ በየተራ እንጀራ ወሰዱላት። ሁለት ክረምት ኖረች። ጡረታው እውነት ነው፤ አለቃው አልዋሹም። አንድም ቀን ተራ አላሳለፉም።

እኔ መጀመሪያ ያየኋት በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። ሴቶቹ ለእሷ ብለው ድሪቶ ሰፉላት፤ እያንዳንዷ ሴት አንዳንድ መስመር፣ ለእኔም አንዲት ጓዳ ተሰጠችኝ። ጤፍ አልተጨመረበትም። ይዘን ሄድን። ጎጆዋ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ቀኝ ክንዷ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ከጋፋት መቼ እንደተመለሰች ልጠይቃት ስል እናቴ ክንዴን ጨበጠችኝ።

ፈንታነሽ ድሪቶውን በሁለት እጇ ከፍ አደረገች። ልማድ ነው መሰል፤ ወይ ሌላ የምትለው አጣች። «ማን…» አለችና አቆመች። ሴቶቹ እንደገና መሬት መሬት አዩ። አበበች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

የሚመልስ ሲጠፋ እኔ መለስኩ። «አመተማርያም!»

አመተማርያም ሴቶቹን አላየችም። ግራ እጇን ዘረጋች፤ ፈንታነሽ ድሪቶውን ጭኗ ላይ አኖረችላት። በጣቶቿ ጓዳ በጓዳ እየዳሰሰች ሄደች፤ የማን ስፌት እንደሆነ እያወቀች። ጥግ ላይ የእኔ ዘንድ ደረሰች። ጣቷ ቆመ።

«ይህን ማን ሰፋው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፤ እስክትጠቅሰኝ እየጠበቅኩ።

«ፍቺው» አለች።

«ለምን? ጤፍ እኮ የለበትም!»

«ፍቺው።»

አለቀስኩ። «ልጅ ናት እኮ» አለች እናቴ፤ «ታማ ነው፣ አትቀየሚያት» አለችኝ ደግሞ በጆሮዬ። ክሩን በጥርሴ እየበጠስኩ ፈታሁት። እንደገና ሰፋሁት። በግራ እጇ ዳሰሰችው። «ፍቺው።» ሴቶቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ወጡ፤ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። ያን ያህል የጠላሁት ሰው አልነበረኝም፤ እንደዚያን ቀን ክፉ ሆና አይቻት አላውቅም።

ሦስተኛውን ስጨርስ ጣቴ ደምቶ ነበር። እንጀራ የመጣበትን ሰፌድ በዓይኗ አሳየችኝ፤ ከሥር ያዝኩላት። በግራ መዳፏ አንዴ መታችው። ሁለተኛ መታችው። ሦስተኛ መታችው። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ሰፌዱን አየን። ምንም አልወደቀም። ውስጡ ምንም አልነበረም።

«አሁን ደህና ነው» አለችኝ።